ከአዲስ አበባ እስከ ሄርማታ፥ ከሄርማታም እስከ ቡናው ጫካ በመኪና ስለሚደረግ ጕዞ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ጅማ የሚወርድ መንገደኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ማለዳ የተነሣ ሰው ምሳውን በመንገድ በልቶ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ የጥንቱ ሰው ሄርማታ ይለው ከነበረው ገበያ ይደርሳል። መንገዱ ለዓይን እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ብዙ ጎብኚ አመስግኖታል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን አገር እንዲያስተዳድር የተሾመ ሰው በዚህ መንገድ ሲያልፍ ከጎብኚው የተለየ ዓይን ሊኖረው ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ከተሳፋሪው ይልቅ የሚያስፈልገው ለቡናው ነውና። የበሰለ የቡና ፍሬ ከዛፉ ከተለቀመ በኋላ ዕድሜው የሚቈጠረው በሰዓት ነው። መኪና የሚደርስበት መንደር ፍሬውን በዕለቱ ከመፈልፈያው ያገባል፤ መኪና የማይደርስበት መንደር ግን ያው ፍሬ፥ ያው ዛፍ፥ ያው ድካም እያለው ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጣል።

ከዓለም ገና ጀምሮ እስከ ቱሉ ቦሎ ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው። በኅዳር ወር ሲያልፉበት አዝመራው ቢጫ ሆኖ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። ከወሊሶ ፍል ውኃ ወዲያ ግን ምድሩ መልኩን ይለውጣል፤ እህሉ እያነሰ፥ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል በየቤቱ ጓሮ እየበዛ ይሄዳል፤ ይህም የጉራጌ አገር መጀመሪያ ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት ወጣ ብሎ መንደሮቹን ለሚያይ ሰው ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ያጋጥመዋል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ጀፎረው ያዞራሉ፤ ከብቱ የሚሰማራው፥ ሕፃኑ የሚጫወተው፥ ሠርጉና ልቅሶው የሚደረገው እዚያ ነው። ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎረው እንዳያወጣ የአገሩ ሽማግሌዎች ሥርዓት ይጠብቀዋል። የመንግሥት መንገድ ዳርቻ በየዓመቱ በሱቅና በአጥር ሲጠብ ለሚያይ ሹም ይህ የባላገር ሕግ የሚያስቀና ነው።

ወልቂጤን ካለፉ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሰው ካባውን አውልቆ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል፤ ደጋው ከኋላ ቀርቶ ቆላ ተገብቷልና። ከላይ ቆመው ሲመለከቱት ገደሉ፥ ወንዙና ድልድዩ እጅግ ያማሩ ናቸው። ከብት ነጂዎች ግን ይህን ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ ይፈሩታል፤ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፍ ዝንብ አለበትና። በሬው ይከሳል፥ ጠጕሩ ይቆማል፥ በመጨረሻም ከቀንበሩ በታች ይወድቃል። ከ1978 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የከብት ሀብት ተመራማሪዎች በዚህ ሸለቆ ሰፍረው በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ለዝንቡ እየሰቀሉ፥ ኋላም በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት እየሰጡ ሞክረዋል። ዝንቡ በቀነሰበት ስፍራ በሬ ተገኘ፤ በሬ በተገኘበትም ስፍራ ጠፍ የነበረው መሬት ታረሰ። መንገደኛው ዛሬ በድልድዩ አካባቢ የሚያየው ማሳ ሁሉ ከዝናቡ ሌላ እንዲህ ያለም ታሪክ አለው።

ከወንዙ ተሻግሮ በአበልቲ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ የየምን አገር በጎን አድርጎ ሰኮሩ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ በሸለቆው ውስጥ ተንጣሎ የሚታየው ሰፊ ውኃ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ነው። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ኀይሉም 184 ሜጋ ዋት ነው። ውኃው ሲሞላ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ርስታቸውን ለቀው በሌላ ስፍራ ሰፍረዋል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ አሣ አጥማጅ በውኃ ዳር ሲኖር ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሐይቆቹ፥ አለዚያም እንደዚህ ወዳለው የግድብ ውኃ መምጣት ይኖርበታል። ቀድሞ በሬ ጠምዶ ያርስ የነበረው የዚህ አገር ሰው መረብ መጣል የተማረው ውኃው እርሻው ደጃፍ ድረስ ስለ መጣበት ነው። የሚያጠምደው አብዛኛውን ጊዜ ቀረሶ የሚባለውን አሣ ነው። አሣም እንደ ቡና ፍሬ ሰዓት ይቈጠርበታል፤ በረዶ በሌለበት ውኃ ዳር ጧት የወጣ አሣ እስከ ቀትር ካልተሸጠ የወጣበትን ድካም አይከፍልም። ከውኃው እስከ አውራው መንገድ ያለው አጭር ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ሰኮሩ ካለው ረጅም መንገድ ይልቅ ለአጥማጁ ይከብደዋል። ሌላም መከራ አለ። በ2001 ዓ.ም. የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ምርምር እንዳሳየው፥ ከውኃው ዳርቻ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ ይያዛሉ። ከመኪናው ወርዶ በውኃው ውበት የሚደሰት ሹም በዚያው የወረዳውን የአጎበር ስርጭት ቢጠይቅ ጊዜው በከንቱ አላለፈም።

አሰንዳቦንና ሰርቦን ካለፉ በኋላ አየሩ ይለሰልሳል፥ ዛፉም ይበዛል፤ ጅማ ደረሱ ማለት ነው።

ሄርማታ የገበያ ስም ነው። ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ በጅሬን ኰረብታ ላይ ከነበረው ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ የሚያዩት ይህን ገበያ ነበር፤ በእንጨት የተሠራውም ቤት እስከ ዛሬ በስፍራው ቆሟል። ገበያው በየሐሙሱ ይቆም ነበር። ከከፋ፥ ከሊሙ፥ ከጎማ፥ ከጌራ የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ ቡናው፥ ኰረሪማው፥ ማሩ፥ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ በዚያ ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የሄርማታን የጥንት ክብር የሚያወሳ ሰው ይህን መደበቅ አይገባውም። አባ ጅፋር ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው የአገራቸውን አስተዳደር በእጃቸው ስላቈዩ፥ ጎረቤት መንግሥታት በጦርነት ሲፈርሱ ጅማ አልተነካችም። ንግዱ የበለጸገበት ምክንያት አንዱ ይህ ሰላም ነው።

ጣሊያኖች አገሪቱን ወረው በቈዩባቸው ዓመታት፥ ይኸውም እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ነበር፤ ከዚያ ዘመን የቀሩ ቤቶች በከተማዪቱ ውስጥ ዛሬም ይታያሉ። በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የጅማ መንገድ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ሆኖ ተጠበቀ፤ ምክንያቱም አገሪቱ በውጭ አገር ትሸጠው የነበረው ትልቁ ሀብት በዚህ መንገድ ያልፍ ስለ ነበር ነው። በ1945 ዓ.ም. ግድም የእርሻ ትምህርት ቤት በጅማ ተከፈተ፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ ከጤና ትምህርት ቤቱ ጋር ተጣምሮ በ1992 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዳ በከተማው የሚያድር ቢሆን ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ሳይገዛ አይሄድም፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን እንዲመርጥ ይመከራል፥ በምስማር የተጋጠመው አይቆይምና።

ከጅማ ወደ አጋሮ ያለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደዚያ ከማለፉ በፊት መንገደኛው ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ ወደሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ጐራ ቢል ጥሩ ነው። ማዕከሉ በ1960 ዓ.ም. ግድም ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፥ በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው መቅሠፍት በኢትዮጵያ ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ጠባሳ ይወጣል፤ ጠባሳው ይሰረጕዳል፤ ፍሬው ሳይበስል ደርቆ ይረግፋል። መድኃኒት መርጨት ለድኻ ገበሬ የማይቻል ነበር። ስለዚህ የምርምሩ ሰዎች በየጫካው እየዞሩ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ታሞ ሳለ ብቻውን ጤነኛ ሆኖ የቆመውን የቡና ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። ያገኙትንም ዘር እየዘሩ፥ በበሽታው እየፈተኑ፥ የጸናውን ለገበሬው ሰጡ። ዛሬ ገበሬዎች 74110 እና 74112 እያሉ የሚጠሯቸው ዘሮች ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ስለ ተመረጡ ነው። በሽታውን የፈወሰው ጫካው ራሱ መሆኑን የሚዘነጋ ሹም ጫካ ለመመንጠር ፈቃድ ሲጠየቅ እጁን በቶሎ ይዘረጋል።

አሁን ወደ አጋሮ እንግባ። መንገዱ በግራና በቀኝ በቡና ተከቧል፤ ከቡናውም በላይ ሳሳው፥ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተዋል። በአዝመራው ወራት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፥ የሚያልፍ ሰው በአስፋልቱ ዳር ላይ የተሰጣ ቡና ያያል። ጎብኚው ይህን አይቶ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ያማረ መስሎታልና። እውነቱ ግን የአገሩ የዋጋ መውደቅ ከዚያ ይጀምራል። ፍሬው የመኪናውን ጭስና የመንገዱን አቧራ ይጠጣል፤ ፍየልና ዶሮ ይረግጠዋል፤ ማታ ጤዛ ይወርድበታል፤ ሻጋታና የአፈር ሽታ ይይዛል።

በዚህም ምክንያት ለብዙ ዘመን የጅማ ስም በባሕር ማዶ ነጋዴዎች ዘንድ የተዋረደ ነበር። የቡና ደረጃ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥራቱ ዝቅ ይላልና፥ «ጅማ 5» ማለት ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ተገፎ፥ በመሬት ላይ ደርቆ፥ ከነጥቁሩና ከነስባሪው የተላከ ርካሽ ቡና ማለት ነበር። የሚያሳዝነው ዛፉ መጥፎ አለመሆኑ ነው። ከአጋሮ ኰረብታዎች የሚለቀመው ፍሬ ከዚያን ጊዜ በፊትም ሆነ ዛሬ አንድ ነው፤ የተለወጠው ከተለቀመ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚደረግለት ነው።

ለውጡ የመጣው እንዲህ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ቴክኖሰርቭ የተባለ ድርጅት በአካባቢው ያሉትን ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እየተሰበሰቡ ትንንሽ መፈልፈያ እንዲተክሉ ረዳቸው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ገበሬው ቀዩን ብቻ ለይቶ ይለቅማል፤ በዚያው ቀን ማታ ከመፈልፈያው ያገባል፤ መኪናው ቅርፊቱን ይልጣል፤ የተላጠው ፍሬ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች በአልጋው ዙሪያ ቆመው ስባሪውንና የተበላሸውን በእጅ ይለቅማሉ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታና ማታ ጤዛ ሲወርድ ይሸፍኑታል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እርጥበቱ ከመቶ 12 እጅ ሲደርስ ይነሣል። 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። በ2004 ዓ.ም. ከአጋሮ አካባቢ ማኅበራት አንዱ የሆነው የዱሮሚና ቡና፥ የውጭ አገር ቀማሾች በተሰየሙበት ውድድር ከአፍሪቃ ቡናዎች ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተመረጠ። ትናንት «5» ተብሎ በጅምላ ይሸጥ የነበረው አገር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን በመንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከቀትር በኋላ የተለቀመ ፍሬ ምሽት ላይ ካልተፈለፈለ በከረጢቱ ውስጥ ይሞቃል፥ መብላላትም ይጀምራል፤ በማግስቱ ያንን የሚመልስ ጥበብ የለም። ክረምት በጅማ ብርቱ ነው፤ የመንደሩን መንገድ ይቦረቡራል፥ የቦዩን ቱቦ ይደፍናል፥ የእንጨቱን ድልድይ ይወስዳል። አዝመራው ደግሞ ዝናሙ ሲያባራ ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ መንገዱን ለመጠገን ያለው ጊዜ መስከረም ብቻ ነው። በጀቱ በኅዳር ቢለቀቅ፥ ሠራተኛውም በታኅሣሥ ቢወጣ፥ መንገዱ የሚያምረው ቡናው ካለፈ በኋላ ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ዕቅድ ብዙ ቀበሌ ከመንገድ ጋር ተገናኝቷል፤ መንገድ መሥራትና በየመስከረሙ መጠገን ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሪባን ስለማይቈረጥበት ይረሳል። የበላይ ሹም ይመጣል በተባለበት ሳምንት ጕድጓዱ ሁሉ በቀይ አፈር እንደሚሞላም የታወቀ ነው።

መፈልፈያው ያመጣው ጕዳትም አለና መሸሸግ አይገባም። ቅርፊቱን ያጠበው ውኃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ወንዙ ይጠቁራል፥ ይሸታል፥ ከታች ያለው መንደር ከብቱን ማጠጣት ይሳነዋል። የታጠበ ቡና በሰሙ የተወደሰበት ወረዳ ውኃው በዚያው ወር የሚጠላበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱን ከውኃው ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ፥ ውኃውንም በጕድጓድ አቁሞ ማጥራት ይቻላል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጕድጓዱ መቈፈሩን ሄዶ ካላየ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከአጋሮ ጥቂት ራቅ ብሎ ጮጬ የተባለው መንደር አለ። ቡና መጀመሪያ የተገኘው በዚህ ነው፥ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘሉ ያየው እረኛም ከዚህ ነው እያሉ የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ በእኛ ነው ይላሉ። የእረኛው ወሬ በጽሑፍ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1671 በሮም በታተመ መጽሐፍ ስለ ሆነ፥ ክርክሩን በወሬው መፍረድ አይቻልም። ሁለቱም ወገን ያላቸውን ጫካ ቢጠብቁ ይሻላል። በሰሜን በኩል ያለው የሊሙ መንገድም መልካም ነው፤ በዚያ ያሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፤ የእነርሱ ታሪክ ግን ብቻውን ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ከአጋሮ ወደ ጌራ የሚሄደው መንገድ እየጠበበ፥ ጫካውም እየቀረበ ይመጣል። ቀፎዎች በረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ቡናው እንደ ተክል በመስመር የቆመ ሳይሆን በዛፎቹ ሥር በራሱ የበቀለ ነው። በለጤ ጌራ በሚባለው በዚህ ደን ከ1996 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ከክልሉ ጋር ሆኖ፥ ነዋሪው ደኑን በማኅበር እየጠበቀ የጫካ ቡናውን እንዲለቅም ውል አስገባው። በጥላ ሥር የበቀለ መሆኑ በውጭ አገር ድርጅት እየተመሰከረለት ቡናው በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። በኋላም የጃፓን ሊቃውንት ከሰማይ የተነሡ ሥዕሎችን አመሳክረው፥ ምስክር ወረቀት ባገኘው ደን ላይ የዛፍ መጨፍጨፍ ካላገኘው ይልቅ ማነሱን አስረድተዋል። ዋጋው በወደቀበት ዓመት ግን ገበሬው ሌላ ነገር ያስባል። ጫትና ባሕር ዛፍ ለሽያጭ መፈልፈያም ምስክር ወረቀትም አይጠይቁም፤ በጅማ ዙሪያ ቡና እየተነቀለ እነርሱ የተተከሉበት ማሳ ጥቂት አይደለም።

ከጌራ መንደሮች ብዙዎቹ ዘንድ መኪና አይደርስም። መንገዱ ከሚያልቅበት ስፍራ ነጂው ሞተሩን ያጠፋል፤ የጫካው ድምፅ ያን ጊዜ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የበቅሎ መንገድ ነው። በአዝመራው ወራት ወደ ማታ ከመኪናው አጠገብ ለሚቆም ሰው፥ በቅሎዎቹ እሸት ቡና በጆንያ ተጭነው ከጫካው ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ ይታዩታል። ነጂዎቹ ለእንግዳው ሰላምታ ሰጥተው አይቆሙም፤ መፈልፈያው የሚዘጋበትን ሰዓት ያውቁታልና።